የስድስት ደቂቃ ጥፋት በመቶ ደቂቃ ፊልም

ጥያቄ፦ አሜሪካ ውስጥ በትምህርት ቤት ስለሚፈጸም ተኩስ የተሠራ የድርጊት ፊልም አየሁ። አንዲት ተማሪ ለብቻዋ ታጣቂዎቹን ተራ በተራ ትጥላለች። ልብ ሰቃይ ነው፤ ግን አላሳመነኝም። ጉድለቱ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ ጊዜው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በፍሎሪዳዋ ፓርክላንድ 17 ሰዎች ያለቁበት ተኩስ የቆየው 6 ደቂቃ ገደማ ነው። ፊልሙ ግን 100 ደቂቃ መሙላት አለበት። ስለዚህ ደራሲው ታጋች፣ ድርድርና የገዳዩን ረጅም ንግግር ይጨምርበታል። ያኔ ታሪኩ የባንክ ዘረፋ ሆኖ ያርፈዋል፤ ትምህርት ቤቱን አውጥተው ባንክ ቢተኩበት የሚፈርስ ነገር የለም። ከሁሉም የሚከፋው ንግግሩ ነው። ስሜ ይነሳ ብለው የሚገድሉ አሉ፤ ፊልሙም ማለፊያ ማለፊያውን ቃል ለገዳዩ ሰጥቶ የሞቱትን ልጆች ስም እንኳ ሳይነግረን ያልፋል።

ጥያቄ፦ ፖሊሶቹ ልዩ ኃይል እስኪመጣ ውጭ ይጠብቃሉ። እውነትም እንዲህ ነው?

መልስ፦ በ1999 በኮሎራዶዋ ኮለምባይን ትምህርት ቤት ተኩስ ጊዜ ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ሥልጠናው ተቀይሯል፤ ቀድሞ የደረሰ ፖሊስ ወዲያው ገብቶ ተኳሹን እንዲያስቆም ይጠበቃል። በ2022 በቴክሳሷ ዩቫልዴ ይህ ሳይሆን ቀርቶ፣ ፖሊሶች ክፍሉ ገብተው ገዳዩን እስኪገድሉት 77 ደቂቃ አለፈ። 19 ሕፃናትና 2 መምህራን ተገድለዋል። ስለዚህ መጠበቁ በፊልም ሊመጣ ይችላል፤ ግን እንደ ደንብ ሳይሆን እንደ ከባድ ጥፋት። ቁሙ ያለው ማን ነው? እንግባ ያለስ ነበር? ከበሩ ወዲያ እየደማ ያለው ማን ነው? ይህ ፊልም አንዱንም አይጠይቅም፤ ፖሊሶቹን ያቆማቸው ጀግናዋ ብቻዋን እንድትቀርለት ነው።

ጥያቄ፦ በዚሁ ጉዳይ አጭር ፊልም እየጻፍኩ ነው። ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ መጀመሪያ ድምፁን። የጠመንጃ ተኩስ ከ140 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ያልፋል፤ በኮሪደር ውስጥ ግድግዳው እየመለሰ ያጎላዋል። ጆሮ እየጮኸ በሹክሹክታ መነጋገር የለም። ቁስሉም እንዲሁ ነው፤ ከትልቅ የደም ሥር የሚፈስ ደም በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚገድል፣ ጨርቅ ጠምጥሞ መሮጥ አያሳምንም። ደም ማቆሚያው ማሰሪያ ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳያርፍ፣ ደሙ እስኪቆም ድረስ ጠብቆ ይታሰራል። በጣም ያማል፤ የታሰረበት ሰዓትም ይመዘገባል።

ካሜራውን ደግሞ ከገዳዩ ጀርባ ያርቁት። በፓርክላንድ ተኩሱ የእሳት ማስጠንቀቂያውን አስጮኸውና ተማሪዎች እሳት መስሏቸው ወደ ኮሪደር ወጡ። የትኛውም የተኩስ ልውውጥ የዚህን ያህል አያስጨንቅም። በተቆለፈ ጨለማ ክፍል ከልጆቹ ጋር ይቆዩ፦ ኮቴ ይቀርባል፣ የአንዱ ስልክ ይንቀጠቀጣል፣ በሩ ይንኳኳል፤ የሚያንኳኳው ፖሊስ ይሁን ገዳዩ መምህሯ አታውቅም።