ከቅዳሴ በኋላ የምትለኮስ ሲጋራ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሃያ ዓመት አጭሻለሁ። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ሲጋራ አልነካም፤ ቅዳሴ ሲያልቅ ግን አጨሳለሁ። ጢስ ምግብ ስላልሆነ ጾሜን አያፈርስም አይደል? አሁን ባቆምስ ሳንባዬ ይድናል? በመድኃኒት ማቆም የእምነት ማነስ ነው ያሉኝም አሉ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን ክርክር ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ አንዱማ «ዕጣንም እኮ ጢስ ነው» ብሎኛል። «ይጹም ዓይን፣ ይጹም ልሳን» እያልን የምንዘምረው ጾም የሆድ ብቻ ስላልሆነ ነው። ሐዋርያውም «በእኔ ላይ አንዳች እንኳ አይሠለጥንብኝም» ይላል (1ኛ ቆሮ. 6፥12)። 9 ሰዓት እስኪደርስ የምትቁነጠነጠው ለእንጀራው ነው ወይስ ለሲጋራው?

አንድ ነገር ግን ልብ በል። ማታ በ3 ሰዓት አጭሰህ እስከ ማግስቱ 9 ሰዓት ከቆየህ 18 ሰዓት ሆነህ። የልብ ምትህ መርገብ የሚጀምረው በ20 ደቂቃ ውስጥ ነው። የኦክስጅንን ቦታ ይዞ የቆየው ካርቦን ሞኖክሳይድም ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ከደምህ ይጠራል። ጾሙ በየቀኑ ሕክምናውን ይጀምርልሃል፤ አንተ ደግሞ የጠራውን ውኃ በ9 ሰዓት መልሰህ ታደፈርሰዋለህ።

ሳንባህን በተመለከተ አልዋሽህም፤ ጨርሶ የተጎዳው ክፍል እንደ ቀድሞው አይሆንም። ሆኖም ሳሉና የትንፋሽ ማጠሩ በወራት ውስጥ ይቀንሳል። በ1 ዓመት በልብ ሕመም የመያዝ አደጋህ ከሚያጨስ ሰው በግማሽ ያህል ይወርዳል፤ የሳንባ ካንሰሩ አደጋ እንዲሁ በግማሽ እንዲቀንስ 10 ዓመት ገደማ ይፈልጋል። «ከእንግዲህ ምን ዋጋ አለው» የሚልህ ሐኪም አይደለም፤ ፈታኙ ነው።

የሚከብደው የመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ ትበሳጫለህ፣ እንቅልፍ ታጣለህ። አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይለዝባል። በዘወረደ ብትጀምር ደብረ ዘይት ላይ አራት ሳምንት ሞላህ ማለት ነው።

መድኃኒቱንም አትፍራ። ሱሱን የሚያመጣው ኒኮቲን ነው፤ ካንሰሩን የሚያመጣው ግን በዋናነት ጢሱ ነው፤ በቆዳ ላይ የሚለጠፈው መድኃኒት ኒኮቲኑን ያለ ጢስ እየቀነሰ ይሰጥሃል። ሲራክ በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን አክብር ያለው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። ሐኪም አማክር፤ ጸሎቱንና ጠበሉን አትተው፤ ንስሐ አባትህም ይወቁት።

ከቅዳሴ ስትወጣ ደግሞ ሲጋራ በምትገዛበት ሱቅ በኩል አትለፍ። ቢርቅህም በሌላው መንገድ ዙር።