ግሳቱ ቅዳሴ ላይ እያሳፈረኝ ነው

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ከቢቸና ነው የምጽፈው። የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው፤ እኔ እነግረዋለሁ። ዕድሜዬ 71 ነው። ገበሬ ነበርኩ፤ አሁን መሬቱን ልጆቼ ያርሱታል። ከመስከረም ወዲህ ግሳት አላስቀምጥ አለኝ። በልቼም ሳልበላም አገሳለሁ። ሆዴ ይነፋል፤ ከእንብርቴ በላይ ይወጥረኛል። ሌሊት ደግሞ ቃሩ ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣል። ቅዳሴ ላይ አፌን በጋቢዬ ሸፍኜ ነው የምቆመው፤ ሰዉ ዞር እያለ ያየኛል። መድኃኒት ቤት ብሄድ “ጨጓራ ነው” ብለው ኦሜፕራዞል ሰጡኝ። ተሻለኝ፤ ሲያልቅ ግን ተመልሶ መጣ። ጎረቤቴ ፌጦ በሎሚ ጠጣ ቢለኝ ጠጣሁ፤ ጭራሽ አቃጠለኝ። አምቦ ውሃ ቀለል ያደርግልኛል። ቡና አልተውም፤ ማኅበር ሲኖር ጠላ እቀምሳለሁ። ለጉልበቴ ክኒን እወስዳለሁ፤ ልጁ ዳይክሎፌናክ ይላል ጽሑፉ አለኝ። ሰው ሠራሽ ጥርስ አሠርቼ ነበር፤ እየላላ ስለሚያስቸግረኝ ምግቡን ሳላላምጥ እውጠዋለሁ። እህልም እንደ ድሮው አልበላም፤ ቀበቶዬ ሁለት ቀዳዳ ገብቷል። ባለቤቴ “ይተላለፋል” የሚል ሰምታ ገበታ እንለይ ወይ እያለች ነው። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ አባቴ፣ እግዜር ይማርዎ። እርስዎ የጻፉልኝ ስለ ግሳቱ ነው፤ እኔን ያስደነገጠኝ ግን ቀበቶው ነው። እንደ ዋዛ ጣል አድርገውት አለፉ። እኔ ደብረ ማርቆስ ተወልጄ ያደግሁ ነርስ ነኝ፤ የአገሬን አባቶች አውቃቸዋለሁ። ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ፣ በር ላይ ቆመው ነው የሚናገሩት።

ዕድሜው ከ60 ያለፈ ሰው አዲስ የሆድ ሕመም ሲጀምረው፣ በዚያ ላይ ሳያስበው ሲከሳ፣ ክኒን እየገዙ መሞከር ይበቃል። ጨጓራው በካሜራ መታየት አለበት። ምርመራው ኢንዶስኮፒ ይባላል። ከትንሽ ጣት የማትወፍር ተጣጣፊ ቱቦ በአፍ ትገባና ሐኪሙ ከጉሮሮ ጀምሮ እስከ ትንሹ አንጀት መጀመሪያ ድረስ ያያል። በባዶ ሆድ ነው የሚሠራው። ደስ አይልም፤ ያቅለሸልሻል፤ ግን ደቂቃዎች ቢፈጅ ነው። አቅራቢያዎ ካለው ሐኪም ይጀምሩና ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ሪፈር እንዲጽፍልዎ ይጠይቁት። ክፉ በሽታ ነው እያልኩዎ አይደለም። ብዙ ጊዜ ቁስለት ወይም የጨጓራ መቆጣት ሆኖ ይገኛል። ግን በግምት አይለይም፤ ኦሜፕራዞል ደግሞ ስሜቱን አስታግሦ ዋናውን ሊሸፍንብን ይችላል።

ቀጠሮ እስኪደርስ የማይጠበቅባቸው ነገሮች አሉ። ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደም ካስመለሰዎ፣ የዋጡት እህል ደረትዎ ላይ ከቆመ በዚያው ቀን ይሂዱ። ዳገት ሲወጡ ደረትዎን ጨምድዶ የሚይዝ፣ ላብ የሚያጠምቅ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ከመጣም እንዲሁ። በእርስዎ ዕድሜ የልብ ሕመም “ሆዴን ነፋኝ” አሰኝቶ፣ ግሳትም ጨምሮ ሊመጣ ይችላል።

አሁን ወደ ክኒኑ። ዳይክሎፌናክ የጉልበትን ሕመም የሚያስታግሠው በሰውነት ውስጥ አንድ ንጥረ ነገር እንዳይመረት በማድረግ ነው። ጨጓራ ደግሞ ከራሱ አሲድ የሚጠበቅበትን ልባስ የሚሠራው በዚያው ንጥረ ነገር ነው። ስለዚህ ጉልበት ሲሻለው ጨጓራ ይራቆታል። በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ቁስለቱ ምንም ሳያመው ሊደማ ይችላል፤ ኩላሊትንም ይጎዳል። እስኪታዩ ድረስ ይተዉትና ለጉልበትዎ ፓራሲታሞል ይውሰዱ፤ የጉበት ችግር ካለብዎ ግን አስቀድመው ሐኪሙን ይጠይቁ። መርፌውስ እንዳይሉኝ! በመርፌም ቢሆን ያው ነው፤ ጨጓራ ጋ የሚደርሰው በደም በኩል ነው። ብቻ ሐኪም ለልብዎ ብሎ ያዘዘልዎ አስፕሪን ካለ በራስዎ አያቁሙት። ሲሄዱም የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የደም ግፊት ክኒን ካለም፣ በፌስታል ይዘው ይሂዱ። አንዳንዱ የግፊት መድኃኒት የጨጓራን በር አላልቶ ቃር ያመጣል።

ባለቤትዎ የሰሙት ኤች ፓይሎሪ ስለሚባለው ባክቴሪያ መሆን አለበት። ድሮ የጨጓራ ቁስለት የጭንቀትና የቅመም ውጤት ነው ይባል ነበር። ባሪ ማርሻል የተባለ አውስትራሊያዊ ሐኪም ግን ባክቴሪያው ጨጓራን እንደሚያሳምም ለማሳየት በ1984 (እ.ኤ.አ.) ራሱ ጠጥቶት ጨጓራውን አሳመመ። በ2005 (እ.ኤ.አ.) ከባልደረባው ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል ተሸለሙ። (የቡሬ በርበሬ ቁስለት ላይ ያቃጥላል፤ ቁስለቱን አምጥቷል ብዬ ግን አልከሰውም።) ባክቴሪያው በሰገራ ይመረመራል። ከምርመራው በፊት ኦሜፕራዞል ካቆሙ ሁለት ሳምንት ሊሞላዎ ይገባል፤ አለዚያ ባክቴሪያው እያለ “የለም” ሊል ይችላል። ከተገኘብዎ ሕክምናው ብዙ ጊዜ 14 ቀን ነው። “ተሻለኝ” ብለው መሐል ላይ እንዳያቋርጡት። በዚያ ሰሞን ጠላም አረቄም ይቅር።

ግሳቱ ራሱ ባብዛኛው የዋጥነው አየር ነው። ሳያላምጡ የሚውጡት እህል አየሩን ይዞት ይወርዳል። የላላ ጥርስ ደግሞ ምራቅ ቶሎ ቶሎ ያስውጣል፤ ከምራቁ ጋርም አየር ይገባል። ስለዚህ ጥርሱን ወደሠራልዎ ሰው ይመለሱና ያስተካክልልዎ። እስከዚያው እንጀራውን በወጥ በደንብ አርሰው፣ ትንሽ ትንሹን እየቆረሱ፣ ቀስ ብለው ይብሉ። አምቦ ውሃውን ይተዉት። ከጠጡ በኋላ ያገሱት ጋዝ እኮ የራሱ የአምቦው ነው! ጠላም ጋዝ አለው። ፌጦውን ለሌላ ቀን ያቆዩት፤ በቆሰለ ጨጓራ ላይ አይደረግም። ቡናውን ጨርሰው ይተዉ ብል እንደማይሰሙኝ አውቃለሁ፤ በባዶ ሆድ አይጠጡት፣ አቦሉን ጠጥተው ይነሱ።

ሽሮና ባቄላ የሚያመጡት ጋዝ ባብዛኛው በታች የሚወጣው ነው፤ ስለ ግሳቱ ብለው ሽሮ እንዳይተዉ። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይተው በአንዴ ጠግበው መብላትዎ ግን ጨጓራውን ይወጥረዋል። ለንስሐ አባትዎ ይንገሯቸው፤ ለታመመና ለሸመገለ ሰው ቤተ ክርስቲያን መላ አላት።

ለሌሊቱ ቃር ራት በጊዜ ይብሉና ሦስት ሰዓት ያህል ሳይተኙ ይቆዩ። በራስጌ በኩል ባሉት የአልጋው እግሮች ሥር ጡብ ወይም ጣውላ ያስገቡ፤ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ከፍ ቢል ይበቃል። ትራስ መደራረቡ አይረዳም፤ ወገብዎን አጥፎ ሆድዎን ይጫነዋል። በግራ ጎንዎ ይተኙ።

የገበታውን ነገር ለባለቤትዎ እንዲህ ይበሏቸው። ኤች ፓይሎሪ ቤት ውስጥ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ግን ብዙው ሰው የሚይዘው በልጅነቱ ነው። በአገራችን ባክቴሪያውን ተሸክሞ ምንም ሳያመው የሚኖረው ብዙ ነው። ይህን ያህል ዘመን አብራችሁ በልታችሁ ዛሬ ትሪ ብትለዩ የምታተርፉት የለም። እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ ውሃውም ንጹሕ ይሁን። እርሳቸውም ሆዳቸውን የሚያማቸው ከሆነ ይመርመሩ፤ ካላመማቸው ግን በስጋት ብቻ የእርስዎን መድኃኒት እንዳይካፈሉ።