ቃጫ ብቻውን መረሬን አይገራም

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የሰፈራችሁን መንገድ ልትሠሩ ገንዘብ አዋጥታችሁ፣ «ጥቁሩ አፈር (መረሬው) ላይ ቃጫ ቆራርጠን ብንደባልቅ የገረጋንቲ ወጪ ይቀንስልናል ወይ?» ብላችሁ ለጠየቃችሁ፦ ሊቀንስ ይችላል፤ ቃጫው ብቻውን ግን አይበቃም። ውኃ ውስጥ ያልተነከረ የአፈር ናሙና ውጤት ይዞ ለሚመጣ ሰው ሰባራ ሳንቲም እንዳትከፍሉ። እኛ ኮዬ ፈጬ ላይ ያየነው ይበቃል።

1. ቃጫው ከደረቁ አፈር ክብደት 1 በመቶ አይለፍ። ሲበዛ ይቋጠራል፤ በቋጠሮው ዙሪያ ሮለሩ አፈሩን መጠቅጠቅ ያቅተዋል። ርዝመቱም ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ይበቃዋል።

2. ቃጫ መረሬ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ጭድ በምርጊት ጭቃ ውስጥ የሚሠራው ነው፦ አፈሩን አያይዞ ስንጥቁን ይቀንሳል። አፈሩ ውኃ ሲጠጣ የሚያብጠውን እብጠት በዋናነት የሚያበርደው ግን ኖራ ነው፤ ለእንዲህ ያለ አፈር ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 በመቶ ይገባል። የእኛ ተቋራጭ ኖራውን ዘሎ፣ የሚያምር የሲቢአር (የአፈሩ ጭነት የመሸከም አቅም የሚለካበት ምርመራ) ውጤት ይዞልን መጣ። ዕድሜዬን በመንገድ ሥራ ፎርማንነት ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ወደ ላቦራቶሪው ሄጄ «ናሙናው 4 ቀን ውኃ ውስጥ ተነክሯል? ስንት አበጠ?» ብዬ ጠየቅሁ። ሰውየው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «እርስዎ መሐንዲስ ነዎት?» አለኝ። ኮሚቴውም ማኅተሙን አይቶ ፈረመ።

ሐምሌ ላይ መንገዱ መሐሉ አብጦ ተነሣ፤ በበጋው እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ወጣበት። ቆፍሬ ያወጣሁት ቃጫ ጠቁሮ ነበር፤ በሁለት ጣት ስስበው ተበጠሰ። የስንት እናቶች የዕቁብ ገንዘብ ነበር!

የቀረውን ክፍል በእኔ ክትትል ሠራነው። አፈሩን ከኖራው ጋር ደባልቀን፣ እርጥበቱን ጠብቀን አሳደርነው። ከዚያ ቃጫውን ትተን ለኮንክሪት የሚሸጠውን የፖሊፕሮፒሊን (የፕላስቲክ) ጭረት ጨመርን፤ እርሱ አይበሰብስም፣ ኖራም አይበላውም። የጎርፍ ቦዩን በድንጋይ ገነባን። ዛሬ የውኃ ቦቴ ሙሉ ጭነቱን ይዞ ያልፍበታል፤ መጥታችሁ እዩት።

እናንተም ውል ከመፈረማችሁ በፊት የተነከረ ሲቢአርና የእብጠት መጠን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ናሙናውንም ራሳችሁ ከመንገዱ መሐል ቆፍራችሁ ውሰዱ። የመንገዱን ቁፋሮ ጥቅምት ላይ ጀምሩ።