«እችላለሁ» ከማለትህ በፊት ሰንሰለቱን እሰር

ከኮምቦልቻ ለጻፍክልኝ ወንድሜ፣

ዕድሜህ 24 ነው፤ ሦስት ዓመት በሲኖትራክ ረዳትነት ሠርተህ መንጃ ፈቃድ አውጥተሃል። አንድ ደላላ ኦስትሪያ የከባድ መኪና ሾፌርነት አስቀጥርሃለሁ ብሎሃል። በመጠይቁ ላይ «ጎማ ላይ የበረዶ ሰንሰለት ማሰር ትችላለህ?» የሚል ሲመጣ «ዝም ብለህ እችላለሁ በል» አለህ። አባትህ ለእሱ ክፍያ ጥንድ በሬያቸውን ሊሸጡ ነው። ኮሌጁን ላቋርጥ ወይ፣ እንግሊዝኛዬስ ይበቃል ወይ ብለህም ጠይቀሃል።

ከሁሉ ያሳሰበኝ ያ «እችላለሁ በል» ነው። ኦስትሪያ ውስጥ ከ3.5 ቶን በላይ የሆነ የጭነት መኪና በፈረንጆቹ ከኖቬምበር 1 እስከ ኤፕሪል 15 ቢያንስ ለሁለት የሚነዱ ጎማዎች የሚሆን ሰንሰለት መያዝ ግዴታው ነው። አስሪው ደግሞ ሾፌሩ ነው፤ ረዳት የለም። እኛ ሁሉንም በረዶ እንለዋለን እንጂ እዚያው ወሎ ጉጉፍቱ ላይ የሚወርደው ጠጠር ነው። የእነሱ እንደ ተነደፈ ጥጥ ይከመራል፤ ጎማ ሲመላለስበት ተጠቅጥቆ እንደ መስታወት ያንሸራትታል።

አሠራሩን ልንገርህ። መጀመሪያ ሰንሰለቱ ላይ ያለውን ቁጥር ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ጋር አመሳክር። ለ315/80 የተሠራው ለሌላ ልክ አይሆንም። ዳገቱ ሳይጀምር፣ ከመንገድ ወጥተህ ሜዳ ላይ ቁም። የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ታኮ አድርግ፣ አንጸባራቂ ሰደርያ ልበስ። ጎማውን እንዳታስተነፍስ።

ሰንሰለቱን መሬት ላይ ዘርግተህ የተጠማዘዘውን ሁሉ ፍታ። ከዚያ ከላይ ጎማው ላይ ጣለው። የመንጠቆዎቹ አፍ ወደ ውጭ ይሁን፤ ወደ ውስጥ ከዞረ የጎማውን ጎን ይበላዋል። ማጥበቂያዎቹም በውጭ በኩል ይሁኑ። ታኮውን አንስተህ መኪናውን ቀስ ብለህ ወደፊት አስኬደው፤ የሰንሰለቱ ሁለት ጫፎች ለእጅህ በሚመች ከፍታ ሲገናኙ አቁምና መልሰህ ፍሬን ያዝ። መጀመሪያ የውስጡን ቆልፍ፣ ቀጥሎ የውጩን። በሁለቱም በኩል የሚተርፈው ቀለበት ቁጥር እኩል ይሁን፤ ካልሆነ ሰንሰለቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። ማጥበቂያዎቹን በመፍቻው እያዞርክ አጥብቅ፣ የላስቲክ መወጠሪያውንም ዙሪያውን እኩል አስይዘው። የተረፈውን ጫፍ በሽቦ እሰረው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ከዚህ በኋላ ነው። ጠበቀ ብለው ይነዳሉ። ሰንሰለት ጎማው ላይ የሚደላደለው መኪናው ሲንቀሳቀስ ነው፤ ስለዚህ ጥቂት መቶ ሜትር ሄደህ ትቆምና እንደገና ታጠብቃለህ። ይህን የዘለለ ሰው ላልቶ የሚወናጨፍ ሰንሰለት ፓራፋንጎውን ይመታበታል፣ የፍሬን አየር ቱቦ ይበጥስበታል። ከ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት አትለፍ። ደረቅ አስፋልት ላይ ስትደርስ ፍታው፤ አስፋልት ላይ ቀለበቱ ይበላል፣ ይበጠሳል። ለዚህ ነው መጠገኛ ቀለበትና ፒንሳ ከሰንሰለቱ ጋር የሚቀመጠው። መንታ ጎማ ላይ ለአንድ የተሠራው በውጩ ላይ ይታሰራል፤ ለሁለቱም አንድ ላይ የሚሆን ሰንሰለትም አለ።

ይህን ለመልመድ በረዶ አያስፈልግም። ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ የቆመ መኪና ላይ፣ ለጭቃ በሚያዝ ሰንሰለት ልመደው። እጅህ ሳታየው የውስጡን መንጠቆ እስኪያገኘው ድረስ እሰር፣ ፍታ። ከዚያ በብርድ፣ በጓንት ትችለዋለህ።

ስለ በሬዎቹ፦ አይሸጡ። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት ውጭ ለሚቀጠር ሠራተኛ የመግቢያ ቪዛ፣ የሥራ ፈቃድና የደርሶ መልስ ትራንስፖርት ወጪ የአሠሪው ነው። ደላላህ ገንዘቡን ለምን እንደጠየቀ በጽሑፍ ይንገርህ። በዚያ ላይ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ለዕቃ መኪና ሾፌር መንጃ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፤ በፈተና የሚገኝ የሙያ ብቃት ማረጋገጫም ያስፈልጋል። ደላላው ይህን ነግሮሃል? አባትህ ስላከበሩህ ነው በሬ የሚሸጡልህ፤ አንተም አክብረሃቸው እውነቱን ንገራቸው። «የእገሌ ልጅ ሄደ» የሚሉት ዘመዶች በሐምሌ መጥተው አያርሱላቸውም።

ኮሌጁን አታቋርጥ። የምትማረው ሎጂስቲክስ ከሆነ ግን ወደ ከባድ መኪና ጥገና መቀየር ይቻል እንደሆነ ጠይቅ። ጎማ ስር ተኝቶ ያደገ ሾፌር የትም አገር ይፈለጋል፤ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ላይም ጭምር። እንግሊዝኛው በሥራ ይመጣል፤ ኦስትሪያ ከሆነ ጀርመንኛ ይቅደም።

ለመጠይቁ እንዲህ ብለህ ጻፍ፦ «በበረዶ ላይ አስሬ አላውቅም። አሠራሩን አውቃለሁ፣ በቆመ መኪና ላይ ተለማምጃለሁ።» ይህን የምትልከው ግን በእርግጥ ከተለማመድክ በኋላ ነው። አብሽር፣ ጥቂት ቅዳሜዎች ይበቁሃል።