ማጣሪያው ጸዳ፣ ዓሦቹ ታመሙ

ጥያቄ፦ 200 ሊትር የሚይዝ የጨው ውኃ አኳሪየም አለኝ፤ ውስጡ ሁለት ክላውንፊሽና አንድ ጎቢ ይኖራሉ። የማጣሪያው ሣጥን ቡናማ አተላ ይዞ ስላስጠላኝ፣ ቅዳሜ ዕለት ስፖንጁን፣ የሴራሚክ ቀለበቶቹንና የከሰሉን ከረጢት በሙሉ አውጥቼ ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ በቧንቧ አጠብኳቸው። ማክሰኞ ገንዳው ነጣ ብሎ ደፈረሰ፤ ዓሦቹም ወደ ላይ ወጥተው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳሉ። በደንብ ሳላጸዳው ቀርቼ ይሆን? እንደገና ልጠበው?
ግራ የገባኝ አንባቢ

መልስ፦ እባክዎ ማጣሪያውን አይንኩት! የጎዳዎት ስንፍና ሳይሆን ትጋት ነው። ቀለበቶቹን የሸፈኑት ባክቴሪያዎች ከዓሦቹ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡ ነበር። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ይገድላቸዋል፤ ክሎሪን ባይኖርበት እንኳ ጨው የለመደ ባክቴሪያ ድንገት ጨው አልባ ውኃ ሲወርድበት ክፉኛ ይጎዳል። ቶሎም አይተኩም። ሌሎች ባክቴሪያዎች በደቂቃዎች ሲራቡ፣ እነዚህ ቁጥራቸውን እጥፍ ለማድረግ አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅባቸዋል።

ስለዚህ ዛሬውኑ አሞኒያውን ይለኩ። ዜሮ ካልሆነ የገንዳውን ውኃ ሩብ ያህል ይለውጡ፤ አዲሱ ውኃ ክሎሪኑ የተወገደለት፣ ጨዋማነቱና ሙቀቱም ከገንዳው ጋር እኩል የሆነ ይሁን። በማግስቱም ለክተው አሞኒያ ካገኙ ይድገሙት። ምግብ ለሁለት ቀን ያቁሙ፤ ጤነኛ ዓሣ በሁለት ቀን ጾም አይሞትም። የውኃውን ገጽ የሚያናውጥ ፓምፕም ይጨምሩ፣ የጨው ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን ከጨው አልባው ያነሰ ነውና። አሞኒያን አጥብቄ የምፈራው ያለ ምክንያት አይደለም፦ የጨው ውኃ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) 8.2 አካባቢ ስለሆነ የአሞኒያው መርዛማ ክፍል ይበዛል። ናይትራይቱ ግን ያን ያህል አያስጨንቀኝም፤ በጨው ውኃ ያለው ክሎራይድ ወደ ዓሣው ደም እንዳይገባ ይሻማዋል። ገንዳዎ ውስጥ ድንጋይና አሸዋ ካለ እዚያም ባክቴሪያ ስለሚኖር ከዜሮ አይጀምሩም።

ወደፊት ግን ሁሉንም በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት እጥበት አያስተናግዱ። ለስፖንጁ አይራሩለት፦ በየሳምንቱ ከገንዳው በቀዱት ውኃ ውስጥ ደጋግመው ይጭመቁት። ስፖንጁ የያዘው የምግብ ፍርፋሪ ከዓይን ተሰወረ እንጂ ከውኃው አልወጣም፤ እዚያው እየበሰበሰ ናይትሬት ይሆናል። ጥጥ የሚመስለውን ነጭ ማጣሪያ የሚጠቀሙ ከሆነ በየሦስት አራት ቀኑ አውጥተው ይጣሉት። ቀለበቶቹን ግን ይተዉአቸው። የውኃው ፍሰት ካልደከመ መነካት የለባቸውም፤ ከደከመም ግማሾቹን ብቻ ከገንዳው በቀዱት ውኃ ነከር አድርገው ይመልሱ፣ የቀሩት ጥቂት ሳምንታት ይቆዩ። ቡናማነታቸው ጤናቸው ነው። «በየጊዜው በአዲስ ይተኩ» የሚለውን የማሸጊያ ምክር እኔ አልከተለውም፤ ካልተሰባበሩ ወይም ካልተደፈኑ ለዓመታት ያገለግላሉ።

ከሰሉ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ውኃውን የሚያቀልመው ቆሻሻ ቀዳዳዎቹን አንዴ ከሞላ በቤት ውስጥ እጥበት አይታደስም፣ ስለዚህ ልፋትዎ በከንቱ ነበር። በወር አንድ ጊዜ ገደማ መለወጥ ይበቃል። ቀኑን ከመቁጠር ይልቅ በገንዳው ጀርባ ነጭ ወረቀት ለጥፈው በጎን በኩል ይመልከቱ፤ ወረቀቱ ቢጫ መስሎ ከታየ ከሰሉ ሥራውን ጨርሷል። አዲሱን ከማስገባትዎ በፊት ጥቁር ብናኙን አለቅልቀው ያስወግዱ። ዓሣ በመድኃኒት ሲያክሙ ከሰሉን ያውጡ፣ አለበለዚያ መድኃኒቱን ከውኃው ይለቅመዋል።

ጥያቄ፦ ማጣሪያዬ ክዳኑ የሚዘጋ ሣጥን ነው፤ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ለብዙ ሰዓት ቆሞ አደረ። መብራት ሲመጣ በራሱ ቢነሣ ጉዳት አለው?

መልስ፦ አለው። የውኃው ዝውውር ሲቆም ባክቴሪያዎቹ በሣጥኑ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱና መሞት ይጀምራሉ፤ ሞተሩ ሲነሣ ያ የተበላሸ ውኃ በቀጥታ ዓሦቹ ላይ ይደፋል። ለሰዓታት ከቆመ ሶኬቱን ነቅለው ይክፈቱት፣ ውኃውን ይድፉ፣ የውስጥ ዕቃዎቹን በገንዳው ውኃ አለቅልቀው ያስነሡት። ሲከፍቱት የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተዎ ስፖንጁን ይለውጡ፣ ቀለበቶቹን ደጋግመው ያለቅልቁ፣ አሞኒያውንም ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ይለኩ።