አሳው መጥበሻ ላይ ለምን ይበጣጠሳል?

የጓዳ ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ፣ የሦስት ልጆች አባት ነኝ፣ ባለቤቴ የማታ ተረኛ ስለሆነች በሳምንት ሦስት ቀን እራት የኔ ሥራ ነው። ሐኪም አሳ አብዙ ስላለን ፊሌቶ ገዝቼ ፍሪዘር ሞላሁ፣ ግን ምን ላርግ ባክሽ፣ መጥበሻው ላይ ይጣበቅና ልገለብጠው ስል ብጥስጥስ ይላል፣ ቤቱ ደሞ እስከ ጠዋት ይሸታል። ትንሹ ልጄ አንዴ እሾህ ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮበት ስለነበር አሁን አሳ ሲያይ አፉን በእጁ ይይዛል። በዛ ላይ በዘይት ከጠበስኩት ምኑ ላይ ነው ጤናማነቱ? ከሥራ 12 ሰዓት ተኩል ነው ምገባው፣ ልጆቹ 2 ሰዓት ይተኛሉ፣ ባጭሩ ንገሪኝ።

መልስ፦ ወንድሜ ባጭሩ ብለሃል ግን ትንሽ ታገሰኝ። ደብዳቤህን ሁለቴ ሳነበው አንድ ያልጻፍከው ነገር አለ፣ አሳውን አድርቀኸዋል ወይ? ከፍሪዘር የወጣ ፊሌቶ ሲቀልጥ ውሃ ያዝላል፣ እንደዛው እርጥብ እያለ መጥበሻ ላይ ከገባ እሳቱ መጀመሪያ ያንን ውሃ ለማትነን ነው ሚደክመው፣ ስለዚህ አሳው አይጠበስም፣ በራሱ ውሃ ይቀቀላል፣ ሲቀቀል ደሞ ብረቱ ላይ ልጥፍ ይላል። በሶፍት ከላይም ከታችም ጠቅ ጠቅ አርገህ አድርቀው፣ አንድ ሶፍት ከራሰ ሌላ ጨምር፣ ጨውም ከዛ በኋላ መጥበሻ ላይ ሊገባ ሲል ነው ሚነሰነሰው፣ ቀደም ካለ መልሶ ውሃ ያወጣል።

ከዛ መጥበሻውን ባዶውን ሁለት ደቂቃ ያህል አግለውና ዘይት ጨምር፣ መጥበሻው ቴፍሎን ከሆነ ግን ባዶውን አታግለው፣ ከነዘይቱ አሙቀው። ዘይቱ ቀጠን ብሎ እንደ ውሃ መሮጥ ሲጀምር አሳውን በቆዳው በኩል፣ ካንተ ወደ ውጭ አርገህ አስተኛው። ቆዳው ወዲያው ይኮማተርና ጠርዙ ይነሳል፣ በመገልበጫው 10 ሰከንድ ጫን አርገህ ያዘው፣ ከዛ በቃ እጅህን ሰብስብ! ሁላችንም ምናበላሸው እዚህ ጋ ነው፣ ደረሰ አልደረሰ እያልን እየነካካን። አትንካው፣ ጎኑን ብቻ እየው፣ ጥሬ ሲሆን መስታወት መስታወት የሚለው ሥጋ ከታች ወደ ላይ እየነጣ ሲወጣ በዓይንህ ታየዋለህ፣ ንጣቱ ከግማሽ አልፎ ወደ ሁለት ሦስተኛ ሲደርስ ነው ሚገለበጠው። መገልበጫውን ስታስገባ እምቢ ካለህ ገና ነው ማለት ነው፣ ሌላ ግማሽ ደቂቃ ስጠው፣ ቆዳው ሲደርቅ ራሱ ይለቃል። ሁለተኛው ጎን አንድ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል።

መበጣጠሱ ሌላም ምክንያት አለው። አሳ ውሃው ስለሚሸከመው እንደ በሬ ጠንካራ ጅማት አያስፈልገውም፣ ሥጋው አጭር አጭር ሆኖ በስስ ነገር የተያያዘ ንብርብር ነው፣ ያ ስስ ነገር ደሞ በትንሽ ሙቀት ይቀልጣል። ስለዚህ ለበሬ ሥጋ የለመድነው "ትንሽ ይቆይ ይለስልስ" ሚባል ነገር ለአሳ አይሠራም፣ በቆየ ቁጥር ይደርቃል ይፈረካከሳል። 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ቁራጭ በጠቅላላው 10 ደቂቃ ገደማ ብለህ ያዝ፣ ቀጭን ከሆነ ከዛ ቀንስ። ወፍራሙ ቦታ ላይ በሹካ ገፋ ስታረገው ቅጠል ቅጠል እየሆነ ከተለያየና መሀሉ መስታወትነቱን ከተወ ደርሷል። ቴርሞሜትር ካለህ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ሳልመን ላይ እንቁላል ነጭ የሚመስል ነገር በብዛት ከወጣ እሳቱ በዝቶበታል ወይ ቆይቷል፣ ጉዳት የለውም፣ ይበላል።

አሁን እውነቱን ልንገርህ፣ እኔ ለአራት ለአምስት ሰው መጥበሻ ላይ አልቆምም። ሁለተኛው ዙር እስኪጠበስ የመጀመሪያው ይቀዘቅዛል፣ ሰውም ተራ በተራ ይበላል፣ ምኑን እራት ሆነ። ኦቨን ካለህ ቤት እንደገባህ 200 ዲግሪ ላይ ለኩሰው፣ ድንች በሁለት ሴንቲ ሜትር ከትፈህ ካሮቱን ከዛ አሳንሰህ፣ ዘይትና ጨው አሽተህ ትሪው ላይ ሳትደራርብ በትነውና 1 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ይግባ። 20 ደቂቃ ሲሆነው ትሪውን አውጥተህ አትክልቱን ወደ ጎን ገፋ ገፋ፣ የደረቀውን አሳ መሀል አስቀምጥ፣ ዘይት በብሩሽ ቀባ፣ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርትና ቁንዶ በርበሬ ጣል ጣል አርገህ መልሰው፣ 10 ወይ 12 ደቂቃ ነው። 1 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ሁላችሁም አንድ ላይ ቁጭ ትላላችሁ፣ ሚታጠበውም አንድ ትሪ ነው። ሎሚውን ግን ሲወጣ ጭመቅ፣ ቀድመህ ዘፍዝፈህ ካቆየኸው አሲዱ ጥሬውን ያጠነክረዋል፣ 15 ደቂቃ ካለፈ ላይ ላዩ የበሰለ መስሎ ይነጣል።

ስለ ሽታው፣ ትኩስ አሳ ብዙም አይሸትም። ሽታውን ሚያመጣው ትራይሜቲላሚን ሚባል ነገር ሲሆን አሳው ሲቆይ ባክቴሪያ ነው ሚፈጥረው፣ ሎሚ ሚያጠፋው አሲዱ ስለሚይዘው ነው። ገና ጥሬ እያለ ከሸተተህ ቅመም አይደብቀውም፣ ጣለው። እስከ ጠዋት ሚቆየው ግን ባብዛኛው የተቃጠለው ዘይት ጭስ ነው፣ ኦቨን ላይ በጣም ይቀንሳል።

ፍሪዘሩ ውስጥ ያለውን ማታ ወደ ፍሪጅ አውርደው፣ ፕላስቲኩ አየር ተመጦ የታሸገ ከሆነ መጀመሪያ ቅደደው። ከረሳህ ደሞ ውሃ በማያስገባ ፕላስቲክ ከረጢት ቋጥረህ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተተው፣ ቀጭን ፊሌቶ በግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይቀልጣል። ጠረጴዛ ላይ አይሆንም፣ መሀሉ በረዶ ሆኖ ዳሩ ይበላሻል።

ለትንሹ ልጅህ አንድ ነገር ልንገርህ፣ እሾህ ፈላጊ አርገው። እጁን ታጥቦ ጣቱን ፊሌቶው መሀል ላይ ወዲያና ወዲህ ሲያንሸራትት የእሾሁ ጫፍ ይቆረቁረዋል፣ "እዚህ!" ሲልህ አንተ በወረንጦ በተጋደመበት አቅጣጫ ትስበዋለህ። ራሱ የፈተሸውን አሳ ለመቅመስ ሳይቀለው አይቀርም፣ ለማንኛውም ሳህኑ ላይ አንዴ ደግመህ ፈርፍረህ እየው።

ዘይቱን በተመለከተ አታካብደው፣ አንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ምንም አይደለም፣ ችግሩ ዱቄት ለብሶ ዘይት ውስጥ ሲዋኝ ነው። ኦሜጋ 3 ሚባለውን ጠቃሚ የአሳ ስብ ከፈለክ ሳልመን፣ ሰርዲን፣ ማኬሬል ከነጩ አሳ ይበልጣሉ፣ በሳምንት ሁለቴ ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ የ5 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፣ አሳ ሜርኩሪ አለው አትንኪ ብለውኝ ፈራሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ ግማሹ እውነት ነው። ሜርኩሪ ሚባለው መርዛማ ብረት ሚጠራቀመው ትልልቁ አሳ ትንሹን እየበላ ለረጅም ዓመት ሲኖር ስለሆነ ሚተዉት ሻርክ፣ አፍንጫው እንደ ሰይፍ የረዘመው ሶርድፊሽ፣ ኪንግ ማኬሬል (ከተራው ማኬሬል የተለየ ትልቅ አሳ ነው) እና ትልቁ ቢግአይ ቱና ናቸው። ሳልመን፣ ሰርዲን፣ ቲላፒያ ዝቅተኛ ናቸው፣ በሳምንት ከ225 እስከ 340 ግራም ድረስ ይመከራል፣ ለጽንሱ አእምሮም ጥሩ ነው። ጥሬውንና ሳይበስል በጭስ ብቻ የተዘጋጀውን ተዪው፣ በደንብ ይብሰል። ሲደክምሽ የጣሳ ሰርዲን ከፍተሽ ብዪ፣ እሾሁን ደሞ አታውጪው፣ ጣሳው ውስጥ ስለሚለሰልስ አብሮ ይበላል፣ ካልሲየሙም ያለው እሱ ላይ ነው።