ማሰሮው ቀዘቀዘ፣ ካርዱ ግን ዝም አለ

ፍራንክፈርት የሚኖር አንድ ወጣት የጻፈልኝን አሳጥሬ ላቅርብ።

«ያገለገለ ጂቲኤክስ 1080 ቲአይ የሚባል የኮምፒውተር ግራፊክስ ካርድ ገዛሁ። ቺፑ ላይ ፈሳሽ የሚፈስበት የመዳብ ፖት ገጥሜ በፈሳሽ ናይትሮጅን ኦቨርክሎክ ላደርገው፣ ማለትም ከተሠራለት ፍጥነት በላይ ላስኬደው ሞከርኩ። 10 ሊትር ነበረኝ። የሠራሁት ቤታችን ሥር ባለው ምድር ቤት ነው። ቴርሞሜትሩ −110 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ስክሪኑ ይጠፋል። የሚገርመው ካርዱ ሲጨነቅ አይደለም የሚጠፋው፤ የካርዱን አቅም የሚለካው የፈተና ፕሮግራም አንዱ ትዕይንት አልቆ ሌላው ሊከፈት ሲል ነው። ሳሞቀው ይመለሳል። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሲሆንብኝ ሰለቸኝና አጥፍቼው ተኛሁ። ጠዋት ስከፍተው ምስል የሚባል ነገር የለም። ገደልኩት ማለት ነው?»

ወንድሜ፣ በዕድሜ ሳልበልጥህ አልቀርም፤ አንተ እያልኩ ልጻፍልህ። የነገርከኝ ሁለት የተለያየ ችግር ነው። የማታው ሌላ፣ የጠዋቱ ሌላ። ከሁለቱም በፊት ግን «ምድር ቤት» ያልካት ቃል አስደንግጣኛለች።

1 ሊትር ፈሳሽ ናይትሮጅን ተንኖ የክፍሉን ሙቀት ሲይዝ ወደ 700 ሊትር ጋዝ ይሆናል። ያንተ 10 ሊትር 7 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። 3 በ4 የሆነች፣ ጣሪያዋ 2 ሜትር ተኩል የሆነ ክፍል ሁለመናዋ 30 ሜትር ኩብ ናት። አየር ካላስገባች ኦክስጅኑ ከ21 በመቶ ወደ 17 አካባቢ ይወርድብሃል። ከ19.5 በታች አደገኛ ነው ይባላል። ናይትሮጅን ሽታ የለውም፣ ጉሮሮ አይከረክርም። የመታፈን ስሜት የሚመጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጠራቀም ነው፤ እዚህ ግን እሱ አይጠራቀምም። ስለዚህ ምንም ሳይታወቅህ ትወድቃለህ። ቀዝቃዛ ጋዝ ደግሞ ወለል ላይ ነው የሚተኛው። ምድር ቤት ለዚህ ሥራ ጉድጓድ ማለት ነው። በሩ ወለል ብሎ የተከፈተ ጋራዥ ፈልግ፣ ካልሆነ በረንዳ ላይ ሥራ።

አገር ቤት ላም የሚያዳቅሉ ባለሙያዎች የኮርማ ዘር የሚይዙበትን ዕቃ አይተህ ታውቅ ይሆናል። ውስጡ ያለው ይኸው ናይትሮጅን ነው። ክዳኑ ገጥሞ የማይዘጋው ተበላሽቶ አይደለም፣ ጋዙ እንዲወጣ ነው። ጥብቅ ክዳን ባለው የቡና ፔርሙዝ ይዘህ እንዳትዞር። ይፈነዳል።

አሁን ወደ ማታው። «ትዕይንት ሊቀየር ሲል» ባትለኝ ኖሮ ብዙ እጠይቅህ ነበር። መልሱን የሰጠችኝ እሷ ናት። ያጋጠመህ በሙያው ኮልድ በግ የሚሉት ነገር ነው። ቺፕ በጣም ሲቀዘቅዝ ትራንዚስተሮቹ ለመክፈት ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይፈልጋሉ፣ ከሜሞሪው ጋር ያለው የሰዓት አጠባበቅም ይዛባል። ከዚያ ስክሪን ጥቁር። ይህ መስመር በእያንዳንዱ ካርድ ይለያያል። ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን የወጡ ሁለት ካርዶች እንኳ አይስማሙም።

ታዲያ ለምን ሥራ ሲያቆም? ካርዱ 500 ዋት ሲበላ ቺፑ ከማሰሮው በብዙ ዲግሪ ይሞቃል። (ፖት የምትሉትን እኔ ማሰሮ ነው የምለው፣ ማሰሮ ነዋ!) ቴርሞሜትርህ የሚያነበው የማሰሮውን ነው። ትዕይንቱ ሲያልቅ ጭነቱ በአንዴ ይጠፋል። ቺፑ ዘጭ ብሎ ማሰሮው ጋ ይደርሳል። ማሰሮው ውስጥ የቀረው ፈሳሽም የሚታገለው ሙቀት ስለሌለ የበለጠ ያወርደዋል። አንተ −110 አየሁ ስትል ቺፑ የገባበት ብርድ እስከዚያ ድረስ ያልቀመሰው ነው።

መፍትሔው ማሰሮህን ማጥበቅ ወይም ሌላ ካርድ መግዛት አይደለም። በሚቀጥለው ጊዜ ፈተና ሳትከፍት፣ ዴስክቶፑ ላይ እንዳለ፣ በ5 በ5 ዲግሪ አውርደው። ጥቁር ያለበትን ቁጥር ጻፍ። ሁለት ጊዜ ድገመው። ቁጥሩ ተመሳሳይ ከሆነ መስመርህን አገኘህ ማለት ነው፤ ከዚያ 10 ዲግሪ ሞቅ ብለህ ሥራ። ፈተናውን ደጋግመህ ስላየኸው የት ላይ እንደሚቆም ታውቀዋለህ። ከዚያ ጥቂት ሰከንድ ቀድመህ ማፍሰስ አቁም። ማሰሮውን የምታሞቅበት የጋዝ ችቦም አጠገብህ ይኑር። አንዳንድ ካርድ ደግሞ አንዴ ከጠፋ በዚያው ብርድ አይነሳም፣ ሞቅ ማድረግ ግድ ነው።

እስከ −196 ካልወረድኩ የሚል እልህ ይዞህ ከሆነ ተወው። የዚህ ካርድ የፋብሪካ ቡስት፣ ማለትም ጭነት ላይ የሚደርስበት የተመዘገበ ፍጥነት፣ 1582 ሜጋኸርዝ ነው። በ2017 በናይትሮጅን ከ3000 በላይ የወጣ 1080 ቲአይ እንዳለ እኔም አውቃለሁ። ያ ለዚህ ተብሎ የኃይል መስመሩ የተዘጋጀ ካርድ ነበር። ያንተ በ−95 ተረጋግቶ የሚሠራ ከሆነ በ−95 ሥራ።

ቁጥሩ በየጊዜው የሚለዋወጥብህ ከሆነና ስክሪኑ የሚጠፋው ጭነት ላይ ከሆነ ግን በቺፑና በማሰሮው መካከል ሙቀት የሚያሻግረውን ቅባት፣ ቴርማል ፔስቱን ጠርጥር። በብርድ ይሰነጠቃል። ማወቂያው ቀላል ነው። ፈተናውን ስትጀምር ሳታፈስ ቆይ። ጤነኛ ከሆነ ማሰሮው ወዲያው መሞቅ ይጀምራል። ምንም እንዳልተፈጠረ ቀዝቅዞ ከተቀመጠ ሙቀቱ እየደረሰው አይደለም። የካርዱን የራሱን ሴንሰር ከዜሮ በታች አትመነው። በፔስቱ ፋንታ ፈሳሽ ሜታል ደግሞ አትቀባ፤ ገና ከዜሮ አካባቢ ይረጋል።

የናይትሮጅኑንም ሂሳብ እወቀው። 1 ሊትሩ ሲተን የሚወስደው ሙቀት 160 ኪሎ ጁል ገደማ ነው። ለ500 ዋት በሰዓት 11 ሊትር ይፈጃል፣ ማሰሮውን ለማቀዝቀዝ የሄደውን ሳንቆጥር። 10 ሊትርህ የአንድ ሰዓት ዕድሜ የለውም። ዝግጅቱን ሁሉ ናይትሮጅኑን ከማምጣትህ በፊት ጨርስ።

አሁን የጠዋቱ። «አጥፍቼው ተኛሁ» ነው ያልከው። ሞቀ ደረቀ አላልክም። ካርድ ላይ የምታየው በረዶ ያን ያህል ጠላት አይደለም። የሚጎዳው ሲቀልጥ ነው። ሌሊቱን ማሰሮው ቀስ እያለ ሲሞቅ በረዶው ውሃ ሆኖ ቺፑ ሥር፣ ሜሞሪዎቹ ሥር ገብቷል። ሶኬቱን ካልነቀልክ ደግሞ ኮምፒውተሩ ቢጠፋም ተጠባባቂ ኃይል እስከ ካርዱ ማስገቢያ ድረስ አለ። ውሃና ኤሌክትሪክ ሌሊቱን ሙሉ አብረው አድረዋል። እኔ ጋ «ናይትሮጅን ገደለው» ተብለው ከመጡት ካርዶች የሚበዙት እንዲህ ያደሩ ናቸው። ደግነቱ የተወሰኑት ተነስተዋል።

ስለዚህ ደግመህ አትክፈተው። ሶኬቱን ንቀል፣ ማሰሮውን አውርድ፣ ካርዱን አውጣ። ውሃ እንዳያገኘው ካርዱ ላይ የቀባኸው ቫዝሊን በአልኮል ብቻ አይለቅም፤ በኮንታክት ክሊነር አስለቅቀው፣ እሳት በሌለበት። ከዚያ 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮልና ለስላሳ ብሩሽ። የማዘርቦርዱን ማስገቢያም እንዳትረሳ፣ ውሃ እዚያ ይወርዳል። ከዚያ ማሞቂያው ላይ፣ ከ60 ዲግሪ ሳይበልጥ፣ ለሁለት ቀን ተወው። ሁለት ቀን ስልህ ሁለት ቀን ነው።

ሲደርቅ በቴስተር ለካው። የ12 ቮልቱ መስመር ከግራውንድ ጋር በሺዎች ኦም ማሳየት አለበት። ወደ ዜሮ ከተጠጋ አንድ ሞስፌት (ኃይል የሚያበራና የሚያጠፋ ትራንዚስተር) ሾርት ሆኗል፤ መብራት እንዳትሰጠው። ለቺፑ ኃይል የሚያደርሱት ኮይሎች ላይ ግን ከ1 ኦም በታች ብታይ አትደንግጥ፣ የእነዚህ ትላልቅ ቺፖች ተፈጥሮ ነው። ብዙ ልጆች እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጠው ደህና ካርድ ጥለዋል።

ቫዝሊን የቀባኸው ከፊት ብቻ እንደሆነ እጠረጥራለሁ። ከቺፑ ጀርባ ያለው ቦታ ከፊቱ እኩል ይቀዘቅዛል። በሚቀጥለው ጊዜ ሁለቱንም ወገን ቫርኒሽ ቀብተህ አድርቅ፣ የሠዓሊ ላጲስ ጠፍጥፈህ ክፍተቱን ድፈን፣ ከላዩ ፎም፣ ዙሪያውን ሶፍት ጠምጥም። ሶፍቱ ሲረጥብ ቀይር። ሥራው ሲያልቅ አጥፋ፣ ሶኬት ንቀል፣ ማሰሮውን በችቦ ከክፍሉ ሙቀት በላይ አድርሰው፣ ሁሉንም ፈታተህ አድርቀህ ተኛ።

ለክተህ ስትጨርስ ቁጥሮቹን ላክልኝ። የካርዱን የፊትና የኋላ ፎቶም ጨምር፣ ከመታጠቡ በፊት የተነሳ ካለህ።